የመተንፈሻ እርዳታና የጨቅላ ሕፃናት የአንጎል ደም ዝውውር

መግቢያ

ያለጊዜው ተወልዶ ለመተንፈስ የሚታገል ጨቅላ ሕፃን ወደ ክፍላችን ሲገባ የሁላችንም ዓይን የሚያርፈው በደረቱ ላይ ነው። የጎድን አጥንቶቹ መካከል ወደ ውስጥ መሳቡን፣ የአፍንጫው ክንፎች መርገብገባቸውን፣ ማቃሰቱንና የኦክስጅን ሳቹሬሽኑን እንመለከታለን። ሲፓፕ ስናደርግለት ወይም በአምቡ ባግ ስንረዳው የምናክመው ሳምባውን ብቻ ይመስለናል። ነገር ግን ወደ ደረቱ የምንልከው ግፊት፣ የምንሰጠው ኦክስጅንና የምናስወጣለት ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሰከንዶችና በደቂቃዎች ውስጥ የአንጎሉን የደም ዝውውር ይለውጣሉ።

የመተንፈሻ እርዳታ በአገራችን ምን ያህል አስፈላጊ እንደሆነ ለማሳየት አንድ ጥናት መጥቀስ ይበቃል። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2016 እስከ ግንቦት 2018 በጥቁር አንበሳ፣ በቅዱስ ጳውሎስ፣ በጋንዲ መታሰቢያ፣ በጎንደርና በጅማ ሆስፒታሎች የተካሄደውና በ2019 የታተመው ጥናት ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን የሞት መንስኤ መርምሯል። ወደ ጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ከገቡት 3,852 ሕፃናት መካከል 1,109ኙ፣ ማለትም 29 በመቶው፣ 28 ቀን ሳይሞላቸው ሞተዋል። ከሞቱት ውስጥ ለ45 በመቶው ዋናው ምክንያት ከሳምባ አለመብሰል የሚመጣው የመተንፈስ ችግር ሲሆን፣ 30 በመቶው በኢንፌክሽን፣ 14 በመቶው ደግሞ በመታፈን ሕይወታቸው አልፏል። ስለዚህ የመተንፈሻ እርዳታን ማስፋፋት ለክርክር የሚቀርብ ጉዳይ አይደለም። ሆኖም በዚህ እርዳታ የሚተርፉት ሕፃናት ቁጥር በጨመረ መጠን ሌላ ጥያቄ ይከተላል፤ ሕፃኑ የሚተርፈው ከጤናማ አንጎል ጋር ነው ወይ?

የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብ የሚከተለው ነው። በአግባቡ የተሰጠ የመተንፈሻ እርዳታ አንጎልን ይጠብቃል። አንጎልን በብዛት የሚጎዳው የእርዳታው መኖር ሳይሆን ድንገተኛ መዋዠቁና ከልክ ማለፉ ነው። ይህን መዋዠቅ መቀነስ ደግሞ ውድ መሣሪያ በሌለበት ክፍል እንኳን በጤና ባለሙያው እጅ ያለ ጉዳይ ነው።

አንጎሉ ለምን ተጋላጭ ሆነ?

የአዋቂ ሰው አንጎል በእያንዳንዱ 100 ግራም ክብደት በደቂቃ ወደ 50 ሚሊ ሊትር ደም ያገኛል። ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን አንጎል በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያገኘው ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ይህ መጠን ለዕድሜው በቂ ቢሆንም ብዙ መጠባበቂያ የለውም፤ ጥቂት ሲቀነስ ጉዳቱ ቅርብ ነው።

ጤናማ አንጎል የደም ግፊት ሲጨምርና ሲቀንስ የራሱን ደም ቅዳዎች በማጥበብና በማስፋት ዝውውሩን በተመጣጠነ ደረጃ ያቆያል። የዴንማርክ ተመራማሪዎች ሃንስ ሉ፣ ኒልስ ላሰንና ቤንት ፍሪስ ሃንሰን እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ጥናት በጽኑ በታመሙ ጨቅላ ሕፃናት ይህ ራስን የመቆጣጠር ችሎታ ሊጠፋ እንደሚችል አሳዩ። ችሎታው ሲጠፋ የአንጎል ደም ዝውውር የደም ግፊትን እየተከተለ ይወጣል፣ ይወርዳል። ግፊቱ ሲወርድ አንጎሉ ደም ያጥረዋል፤ ሲወጣ ደግሞ ደሙ ስስ በሆኑት ደም ሥሮች ላይ በኃይል ይፈሳል።

ከእነዚህ ደም ሥሮች መካከል በጣም ስሶቹ የሚገኙት በአንጎል ክፍተቶች ዳርቻ ባለው ጀርሚናል ማትሪክስ በሚባል ሕብረ ሕዋስ ውስጥ ነው። ይህ ክፍል ለሚያድገው አንጎል ሕዋሳት የሚያመነጭ ሲሆን፣ የእርግዝናው ዕድሜ ወደ 34 ሳምንትና ከዚያ በላይ ሲደርስ እየከሰመ ይሄዳል። ከዚያ በፊት የተወለደ ሕፃን ግን ይህንን በቀላሉ የሚደማ ክፍል ይዞ ነው የሚመጣው። የሚደርሰው ደም መፍሰስ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 72 ሰዓታት ውስጥ ይከሰታል። እነዚህ ሰዓታት የመተንፈሻ እርዳታው በብዛት የሚጀመርባቸውና የሚለዋወጥባቸው ሰዓታት መሆናቸውን ልብ ይሏል።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ፦ የአንጎል ደም ሥሮች ዋና አዛዥ

ከመተንፈሻ እርዳታ ወደ አንጎል የሚያደርሰው አንዱ ዋና መንገድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። በደም ውስጥ ያለው መጠን ሲጨምር የአንጎል ደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ሲቀንስ ይጠባሉ። በጥቅሉ ሲነገር በእያንዳንዱ 1 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ለውጥ የአንጎል ደም ዝውውር ከ3 እስከ 4 በመቶ ይለወጣል። በመጀመሪያው ቀን፣ በተለይ በቬንቲሌተር በሚረዱ በጣም ባልበሰሉ ሕፃናት፣ ይህ ምላሽ ደከም ሊል ይችላል፤ በሚቀጥሉት ቀናት ግን ይጠነክራል።

ለምሳሌ የአንድ ሕፃን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ45 ወደ 30 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ወረደ እንበል። ከላይ በተጠቀሰው ስሌት መሠረት የአንጎሉ ደም ዝውውር ከሲሶ ያላነሰ ሊቀንስ ይችላል። ሕፃኑ በዚህ ጊዜ ቀይ ነው፣ ሳቹሬሽኑም ጥሩ ነው፣ ደረቱም በደንብ ይነሣል፤ በዓይን የሚታይ ችግር የለም። ነገር ግን ለረጅም ሰዓት ሲቀጥል ከአንጎል ክፍተቶች አጠገብ ያለው ነጭ ክፍል በደም እጥረት ሊጎዳ ይችላል። ይህ ጉዳት ከጊዜ በኋላ የእግር መተሳሰርና የመራመድ ችግር ከሚያመጡት መንስኤዎች አንዱ ነው። በመታፈን የተጎዱ በጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትም ከዚህ አደጋ ነፃ አይደሉም። በአምቡ ባግ በፍጥነትና በኃይል የተረዳ ሕፃን ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከሚገባው በታች ሊወርድና ቀድሞ የተጎዳው አንጎሉ ተጨማሪ የደም እጥረት ሊገጥመው ይችላል።

በተቃራኒው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በጣም ሲጨምር ደም ሥሮቹ ከልክ በላይ ይሰፋሉ፤ አንጎልም የደም ዝውውሩን የመቆጣጠር አቅሙ ይዳከማል። ይህ ደግሞ ከአንጎል ደም መፍሰስ ጋር የተያያዘ ነው። ስለሆነም የደም ጋዝ ምርመራ ባለበት ክፍል በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከ35 በታች እንዳይወርድ፣ ከ60 በላይም እንዳይወጣ መጠንቀቅ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከአንዱ ጽንፍ ወደ ሌላው በአንድ ጊዜ እንዳይዘል ማድረግ ያስፈልጋል። ከፍታ ላይ የሚኖር ሰው በተፈጥሮው ትንሽ ጨምሮ ስለሚተነፍስ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠኑ በባሕር ወለል ካለው ሰው ዝቅ ይላል፤ በአዲስ አበባ የምርመራ ውጤት ስንተረጉም ይህንንም ማስታወስ ይገባል።

ኦክስጅንና የከተማችን ከፍታ

ኦክስጅን መድኃኒት ነው፤ እንደ ማንኛውም መድኃኒት መጠን አለው። እጥረቱ የአንጎል ሕዋሳትን ይገድላል፤ ትርፉ ደግሞ የአንጎል ደም ሥሮችን ያጠባል። እ.ኤ.አ. በ1995 በታተመ የዴንማርክ ጥናት ከ33 ሳምንት በፊት የተወለዱ ሕፃናት በሁለት ተከፍለው፣ ግማሾቹ በተወለዱበት ክፍል በተራ አየር፣ ግማሾቹ በ80 በመቶ ኦክስጅን ተረድተዋል። ከሁለት ሰዓት በኋላ ሲለካ የአንጎላቸው ደም ዝውውር በተራ አየር በተጀመረላቸው 15.9፣ በከፍተኛ ኦክስጅን በተጀመረላቸው ደግሞ 12.3 ሚሊ ሊትር በ100 ግራም በደቂቃ ነበር። የጥቂት ደቂቃዎች ትርፍ ኦክስጅን ያስከተለው መጥበብ ከሰዓታት በኋላም አልለቀቀም ማለት ነው።

እዚህ ላይ ከውጭ አገር መጻሕፍት የማናገኘው የራሳችን ስሌት አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,300 ሜትርና ከዚያ በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሯ ግፊት ወደ 580 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው፤ በባሕር ወለል 760 ነው። ከዚህ ላይ የውኃ ተን ግፊት የሆነውን 47 ቀንሰን በኦክስጅኑ መቶኛ ስናባዛ፣ በዘነበወርቅ 40 በመቶ ኦክስጅን የሚስብ ሕፃን ወደ ሳምባው የሚያስገባው የኦክስጅን ግፊት 213 ገደማ ይሆናል። ይህ በባሕር ወለል 30 በመቶ ኦክስጅን ከሚስበው ሕፃን ጋር እኩል ነው። በሌላ አነጋገር በከተማችን አንድ ሕፃን ከፍ ያለ የኦክስጅን መቶኛ ስላስፈለገው ብቻ ሳምባው የባሰበት ነው ብሎ መደምደም አይገባም፤ ከሌላ አገር የተወሰደ የመቶኛ ወሰንም እንዳለ ሊተከል አይችልም። መመሪያችን መሆን ያለበት የሳቹሬሽን መለኪያው ነው።

ለታመሙና ያለጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት ተጨማሪ ኦክስጅን በሚሰጥበት ጊዜ ሳቹሬሽኑን ከ90 እስከ 95 በመቶ መካከል ማቆየት ይመከራል። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የታተሙ ትልልቅ ጥናቶች ከ85 እስከ 89 በመቶ የተያዙ ሕፃናት የሞት መጠን ከፍ ማለቱን፣ ከፍ ባለው ወሰን የተያዙት ደግሞ ለዓይን ብርሃን መቀበያ ሕመም የበለጠ መጋለጣቸውን አሳይተዋል። ኦክስጅን የሚስብ ሕፃን ሳቹሬሽኑ 100 በመቶ ሲያነብ ሊያስደስተን አይገባም፤ ከዚያ በላይ ያለውን ትርፍ መሣሪያው አያሳየንምና። ብሌንደር የተባለው የኦክስጅንና የአየር መቀላቀያ በሌለበት ሲፓፕ የሚሰጠው ንጹሕ ኦክስጅን በመሆኑ ችግሩ በብዙ ክፍሎቻችን የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው።

ግፊት፦ ከሳምባ ወደ ልብ፣ ከልብ ወደ አንጎል

ሲፓፕን እ.ኤ.አ. በ1971 ለሕክምናው ዓለም ያስተዋወቁት ጆርጅ ግሪጎሪና የሥራ ባልደረቦቻቸው በሳን ፍራንሲስኮ ነበሩ። በጽኑ ከታመሙ 20 ሕፃናት 16ቱ በሕይወት ተርፈዋል። የአሠራሩ መርህ ቀላል ነው፦ ሕፃኑ አየር በሚያስወጣበት ጊዜ የማያቋርጥ ግፊት ስለሚያገኝ የአየር ከረጢቶቹ አይጨማደዱም።

ነገር ግን ሳምባ ከልብ ጋር በአንድ ጠባብ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ነው። በደረት ውስጥ ያለው ግፊት ከልክ ሲያልፍ ከጭንቅላትና ከሰውነት ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ይገታል። ይህ ሁለት ውጤት አለው። አንደኛ ልብ የሚረጨው ደም ይቀንሳል። ሁለተኛ ደም ከአንጎል በደም መልሶች በኩል በቀላሉ ስለማይወጣ በአንጎል ውስጥ ያለው የደም መልስ ግፊት ይጨምራል። የሚገባው ሲያንስ፣ የሚወጣው ሲገታ አንጎል ከሁለቱም ወገን ይጨነቃል። በሲድኒ ማርቲን ክላኮውና ኒክ ኢቫንስ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት፣ ከላይኛው አካል ወደ ልብ የሚመለሰው ደም በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት መቀነስ ከከፍተኛ የቬንቲሌተር ግፊት ጋር ተያይዞ ታይቷል። በነዚህ ሕፃናት ደም የፈሰሰው ዝውውሩ ባነሰበት ሰዓት ሳይሆን፣ አንሶ ከቆየ በኋላ ሲመለስ ነበር።

ይህ ማለት ሲፓፕን እንፍራ ማለት አይደለም። ከ4 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ውኃ ባለው የተለመደ ግፊት በተረጋጉ ሕፃናት ላይ የተደረጉ ልኬቶች በአንጎል ደም ዝውውር ላይ ጉልህ ጉዳት አላሳዩም። እንዲያውም የተጨማደደ ሳምባ በራሱ የሳምባን ደም ሥሮች ስለሚያጠብ፣ ሳምባውን በልኩ የሚከፍት ግፊት የልብን ሥራ ያቀላል። አደጋው የሚመጣው ሳምባው ከልክ በላይ ሲነፋ ነው።

በዚህ ረገድ በቂ ትኩረት የማይሰጠው አንድ ነጥብ አለ። ሕፃኑ በጠና ሲታመም ሳምባው ደረቅና ግትር ስለሚሆን ከሚሰጠው ግፊት ትንሹ ብቻ ወደ ልብ ይተላለፋል። ሰርፋክታንት ሲሰጠው ወይም በራሱ ጊዜ ሲሻለው ሳምባው ይለሰልሳል፤ ያው የትናንቱ ግፊት አሁን በብዛት ወደ ልብና ወደ ደም መልሶች ይደርሳል። በቬንቲሌተር ላይ ከሆነም በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው አየር ስለሚጨምር ካርቦን ዳይኦክሳይዱ በፍጥነት ይወርዳል። ስለዚህ ለአንጎል አስጊ ከሆኑት ሰዓታት አንዱ ሕፃኑ የተሻለው ሰዓት ነው። የሚገባውን አየር መጠን ለክተው የሚሰጡ ቬንቲሌተሮች በግፊት ብቻ ከሚሠሩት ይልቅ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መውረድንም ሆነ ከባድ የአንጎል ጉዳትን እንደሚቀንሱ የተረጋገጠው በዚሁ ምክንያት ነው።

የመሣሪያው አስተሳሰርም የራሱ ድርሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ1976 ከቶሮንቶ የወጣ ጥናት በጣም አነስተኛ ክብደት ባላቸው ሕፃናት ላይ የተገኘን የትንሹ አንጎል ደም መፍሰስ፣ የፊት ጭምብሉን ለመያዝ በጭንቅላታቸው ኋላ ተጠብቆ ከታሰረው ማሰሪያ ጋር አያይዞታል። ለስላሳው የሕፃን የራስ ቅል በማሰሪያ ሲጨመቅ ከሥሩ ያሉት ደም መልሶች ይዘጋሉ። ዛሬ የምንጠቀምበት የአፍንጫ ፕሮንግ የተሻለ ቢሆንም የቆቡና የማሰሪያው ጥብቀት አሁንም ትኩረት ይሻል።

መዋዠቅ የሚያስከትለው ጉዳት

ጄፍሪ ፐርልማንና ጆሴፍ ቮልፒ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተሙት ጥናት ክብደታቸው ከ1,500 ግራም በታች የሆነና በቬንቲሌተር የሚረዱ 50 ሕፃናትን በዶፕለር ተከታትለዋል። የአንጎል ደም ፍሰታቸው ከሚዋዥቀው 23 ሕፃናት 21ዱ በኋላ የአንጎል ደም መፍሰስ ደረሰባቸው፤ ፍሰታቸው ከተረጋጋው 27 ሕፃናት ግን 7ቱ ብቻ። የመዋዠቁ ምክንያት ሕፃኑ ከመሣሪያው ጋር ሳይስማማ፣ መሣሪያው ሲነፋ እሱ ደግሞ ለማስወጣት መታገሉ ነበር። በ1985 እነዚሁ ተመራማሪዎች የሕፃናቱን ጡንቻዎች በመድኃኒት አዝለው መዋዠቁን ሲያስቆሙ ደም መፍሰሱ በእጅጉ ቀነሰ። ጡንቻን ማዛል የራሱ ጉዳት ስላለው ዛሬ ለሁሉም ሕፃን አይመከርም። ነገር ግን ጥናቱ የጠቆመው መንገድ ግልጽ ነው፤ ከመሣሪያው ጋር የሚታገል ሕፃን አንጎሉም በትግሉ ውስጥ ነው።

ከቬንቲሌተር ውጪም መዋዠቅን የሚያስከትሉ ሁኔታዎች በየዕለቱ አሉ። ሰክሽን ማድረግ የደም ግፊትንና የአንጎል ደም ፍሰትን ለአፍታ ያንራል። ከሳምባው አየር አምልጦ በደረት ግድግዳ ሥር ሲጠራቀም፣ ኒሞቶራክስ የሚባለው፣ የደም ዝውውሩን በድንገት ያናጋል። የሲፓፕ ፕሮንግ በየጊዜው እየወጣ ሲገባ ሳምባው ይጨማደዳል፣ ይከፈታል፤ ሳቹሬሽኑም ይወርዳል፣ ይወጣል።

ድምፅ የሌለው ጉዳት

የአንጎል ደም መፍሰስ ብዙ ጊዜ ምንም የሚታይ ምልክት ሳይሰጥ ያልፋል። እንዲህ ያለውን ድምፅ አልባ ጉዳት በቀላል መሣሪያ የመከላከል ልምድ ለአገራችን ሕክምና እንግዳ አይደለም። በኮልፌ ቀራንዮ የሚገኘው የዘነበወርቅ ሠፈር ስሙን ያገኘው በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ከተሰየመው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1965 በዚያው ቦታ አለርት ተቋቁሟል፤ ዛሬም ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሆኖ ያገለግላል። የሥጋ ደዌ ሕክምና ለትውልድ ያስተማረው ነገር ቢኖር በሽታው በመድኃኒት እየተሸነፈ ሳለ ነርቭ ያለ አንዳች ሕመም ሊሞት እንደሚችል ነው። መፍትሔውም ባለሙያው የታማሚውን እጅና እግር በእስክሪብቶ ጫፍ እየነካ ስሜቱን በየጊዜው መፈተሹ ነበር። አካል ጉዳትን መከላከል የተቻለው ከመታየቱ በፊት በመፈለጉ ነው። ለጨቅላ ሕፃኑ አንጎልም የሚያስፈልገው ይኸው ልማድ ነው።

በእጃችን ባለው መሣሪያ ምን እናድርግ?

1. ሲፓፕን በጊዜው መጀመር። ዘግይቶ የተጀመረ ሲፓፕ የተዳከመ ሕፃንና ከፍ ያለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያጋጥመዋል። የግፊቱ መጠን በውኃው ውስጥ በጠለቀው ቱቦ ርዝመት የሚወሰን ስለሆነ ውኃ በተጨመረ ቁጥር ጥልቀቱን እንደገና መለካት ይገባል።

2. በአምቡ ባግ ሲረዱ በደቂቃ ከ40 እስከ 60 ጊዜ፣ ደረቱ በለዘብታ ከፍ እስኪል ብቻ መጫን። በጊዜው ለተወለደ ሕፃን በተራ አየር መጀመር ተገቢ ነው። ቀደም ብሎ የተወለደው ተጨማሪ ኦክስጅን ሊያስፈልገው ስለሚችል በሳቹሬሽን መለኪያ እየተመሩ መስጠት ያስፈልጋል።

3. ኦክስጅን ላይ ያለ ሕፃን ሳቹሬሽኑ ከ95 በመቶ ሲያልፍ ኦክስጅኑን ደረጃ በደረጃ መቀነስ። ቅነሳውም ሆነ ጭማሪው በትንሽ በትንሹ ይሁን።

4. ሕፃኑ ሲሻለው ግፊቱን ለመቀነስ አለመዘግየት። በተለይ ሰርፋክታንት ከተሰጠ በኋላ ባሉት ሰዓታት ከአጠገቡ አለመራቅ።

5. በመጀመሪያዎቹ 72 ሰዓታት ጭንቅላቱን ከአካሉ ጋር ቀጥ አድርጎ መሃል ላይ መያዝና ከፍ ማድረግ። አንገት ወደ ጎን ሲጠመዘዝ የዚያ ወገን ደም መልስ ሊጨቆን ይችላል። የዚህ እርምጃ ማስረጃ ገና ጠንካራ ባይሆንም ወጪ የለውም። ቆቡና ማሰሪያው ጣት የሚያስገባ ያህል ይላሉ።

6. ሰክሽን በሰዓት ሳይሆን ሲያስፈልግ ብቻ፣ በአጭሩና ሁለት ባለሙያዎች ሆነው ማድረግ። መርፌን፣ ክብደት መለካትንና ልብስ መቀየርን በተቻለ መጠን አሰባስቦ ሕፃኑን እንዲያርፍ መተው።

7. በድንገት የገረጣ፣ የልብ ምቱ የተዛባ ወይም ሳቹሬሽኑ የወደቀ ሕፃን ሲያጋጥም ኒሞቶራክስን ማሰብ። በተጨማሪም እርግብግቢቱን መዳሰስ፣ የራስ ዙሪያውን በየሳምንቱ መለካት፣ አልትራሳውንድ ባለበትም በመጀመሪያው ሳምንት አንጎሉን ማየት።

8. ሥራውን ከመወለዱ በፊት መጀመር። ያለጊዜዋ ልትወልድ ለተቃረበች እናት በተገቢው ሁኔታ የሚሰጠው የስቴሮይድ መርፌ የሕፃኑን ሳምባ ከማብሰሉም በላይ የአንጎል ደም መፍሰስን ይቀንሳል።

ማጠቃለያ

ለሳምባ የሚደረግ እርዳታ ሁሉ በካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ በኦክስጅንና በግፊት አማካይነት አንጎል ይደርሳል። ከሦስቱ አንዱ ከልክ ሲያንስ ወይም ሲበዛ፣ ይልቁንም በድንገት ሲለዋወጥ፣ ራሱን መቆጣጠር የማይችለው አንጎል ይጎዳል። በልኩ ሲሰጥና ሲረጋጋ ግን ያው እርዳታ ሕይወትንም አእምሮንም ያተርፋል። ዶፕለር በሌለው ክፍል የውኃውን ጥልቀት የምትለካ፣ የሕፃኑን ጭንቅላት የምታቀና፣ ኦክስጅኑን ከ95 በመቶ በላይ እንዳያልፍ የምትጠብቅ ነርስ የአንጎል ሕክምና እየሰጠች ነው። ውጤቱ በዚያች ሌሊት አይታይም፤ የሚታየው ሕፃኑ ከወራት በኋላ ሲቀመጥ፣ ከዓመት በኋላ ደግሞ ሲራመድ ነው።